ለአሻንጉሊት የሠራሁት ሳጥን

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በአናጢነት ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። በርና መስኮት ሠርቻለሁ፤ የትምህርት ቤት ወንበር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የሬሳ ሳጥን ሳይቀር ሠርቻለሁ። በእጄ ካለፈው እንጨት ሁሉ እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ግን ሁለት መዳፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ የአሻንጉሊት ሳጥን ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ልቆይና ልጻፈው ብዬ ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ፤ አልበረደም። እንግዲህ ከነትኩሳቱ ልጻፈው።

ታናሽ እህቴ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ገጠር ትኖራለች። ባሏ ገበሬ ነው። ሥራ ወዳድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም፣ ጎረቤት ሲታመም ቃሬዛ ለመሸከም የሚቀድመው የለም። ይህን የምናገረው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ትልቋን በአሥራ አራት ዓመቷ ዳሯት።

በእኛ ዘመድ ዘንድ ሙሽራዋ ልብሷን የምታኖርበትን ሳጥን የሚሰጣት የእናቷ ወንድም ነው። አጎት ሳጥን ሰጠ ማለት የእናት ወገን «ይሁን» አለ ማለት ነው፤ ካልሰጠ ልጅቷ ከቤት አትወጣም። ሌሎች አጎቶች ከገበያ ገዝተው ይሰጣሉ። እኔ አናጢ ስለሆንኩ በእጄ እሠራለሁ፤ ጎረቤቶቼም ለየእህቶቻቸው ልጆች እኔን ያሠራሉ። የእኔ ሳጥን ምልክት አለው። ክዳኑ ላይ በተማሪ ኮምፓስ ክብ አወጣና ውስጡ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ በመሮ እፈለፍላለሁ። አልጋ ላይ አላደርገውም፣ ቁም ሳጥን ላይ አላደርገውም፤ የሙሽራ ሳጥን ላይ ብቻ። ሠርግ ቤት ገብቶ አበባውን ያየ ሰው ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። እኮራበት ነበር፣ አልዋሽም።

ለትልቋም ሠራሁላት። የተወለደች ጊዜ ገንፎዋን በልቻለሁና ዕድሜዋን አልስተውም። አባቷ ቀበሌ ሄዶ አሥራ ስምንት ብሎ ማስጻፉንም ሰምቻለሁ። ምላሴን ዋጥ አድርጌ ጣውላዬን ላግሁ። ሠርጉ ላይ ጠላ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ፣ ሳጥኑን ሲያደንቁልኝ ደረቴን ነፋሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ለሥራ እሷ ወደ ተዳረችበት ወደ ደጎሎ ሄጄ ነበርና ቤቷ ጎራ አልኩ። በር የከፈተችልኝ ሴት አማቷ መስላኝ በአንቱታ ሰላም አልኳት። እሷው ራሷ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሦስተኛ ልጇን አዝላለች፤ ከፊት ጥርሶቿ ሁለቱ የሉም፤ እንዴት እንደወለቁ አልጠየቅኩም። ሳጥኔ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከፈት ሳደርገው የሞላበት ገብስ ነው።

«ልብስሽስ?» አልኳት።

«ልብስ መቼ አለኝና፣ አጎቴ!» ብላ ሳቀች።

ከምትስቅ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ልትሸኘኝ ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ታናሼ አምስተኛ ክፍል ገባች አሉ፤ እውነት ነው?» እውነት ነው አልኳት። «ኧረ ትግባ፣ ትግባ» አለችና ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወረኢሉ እስክንደርስ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ከተቀመጠው ሰው ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርኩም። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ብስኩት ጋበዘኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ አፈጠጥኩበት። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ለዚያች ልጅ በሕይወቴ የሠራሁላት ነገር ያ ሳጥን ብቻ ነው። አናጢ አጎት እያላት አንድ መጫወቻ እንኳ በእጇ ጨብጣ አታውቅም። ይህ ነገር አንጀቴን ሲበላኝ ሰነበተና ለታናሿ ከሠርግ ጋር የማይነካካ ነገር እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ። ትንሿ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ከአሮጌ ነጠላ የሰፋችላት፣ ፀጉሯ ጥቁር ክር የሆነ አሻንጉሊት አለቻት። ለአሻንጉሊቷ የቤት ዕቃ ልሠራላት ነው ሐሳቤ፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁም ሳጥን።

መለኪያው ቸገረኝ። እህቴ ዘንድ ደውዬ «የልጅቷ አሻንጉሊት ቁመቷ ስንት ነው?» ብላት «ደህና ነህ? ራስህን ያምሃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። በስንዝር ለካችልኝ፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።

ትንሽ ዕቃ መሥራት ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ መጥቶ ይሞክር። መላጊያዬ ከአልጋው ይበልጣል። ምስማር ብመታ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሁሉንም በኮላ ማጣበቅ፣ እግሩን ሁሉ በመሮ ጠርቦ ማስገባት ሆነ ሥራዬ። የወንበሩን እግር ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ አነከሰብኝ። ለቁም ሳጥኑ በር የሚሆን ማጠፊያ በከተማው ሱቅ ሁሉ ፈልጌ አጣሁ፤ ባለሱቆቹ የአውራ ጣቴን ግማሽ እያሳየሁ «ይህን የምታክል» ስላቸው ይስቁብኝ ነበር። መጨረሻ ላይ አሮጌ ቀበቶዬን ቆራርጬ የቆዳ ማጠፊያ አደረግኩለት። ደንበኞቼ ደግሞ አፋቸው አያርፍም። አንዱ «ለድመትህ ነው?» ይላል። በር ካዘዘ ወር ያለፈው ሌላው «የእኔ በር ሳይደርስ ለጉንዳን አልጋ ትሠራለህ!» ብሎ መንገደኛ እስኪሰበሰብ ጮኸብኝ። እኔም መልሼ ጮህኩበት። እውነቱን ለመናገር በሩ ዘግይቶበታል።

አራቱ ዕቃ ካለቀ በኋላ ከዓባይ በረሃ በኩል ከሚመጣው ዋንዛ አንድ ጥሩ ቁራጭ ተርፎኝ አየሁ። አሻንጉሊቷ ልብስ አላት፤ ልብስ ካላት ማስቀመጫ ያስፈልጋታል። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ትንሽ ሳጥን ገጣጠምኩ፣ ክዳኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ በቆዳ ማጠፊያ ያዝኩት። ከዚያ እጄ ኮምፓሱን አነሳ። እጄ ነው የምለው፤ እኔ ስለዚያ ሰውዬ በር እያሰብኩ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳጥን ባለቀ ቁጥር ኮምፓስ ያነሳ እጅ ነው፤ ማንንም አያስፈቅድም። ሥራው አልቆ ፍቅፋቂውን እፍ ስለው ባለ ስድስት ቅጠሉ አበባ ቁጭ ብሎ አየሁት። በዚያ መጠን ደግሞ ከትልቁ ይበልጥ አምሯል። «ይሁን፣ የአሻንጉሊት ነው» አልኩና ቬርኒሽ ቀባሁት።

እጄን በእጄ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው።

በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወሰድኩላት። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። አንድ በአንድ እያወጣች መሬት ላይ ደረደረችው፤ አልጋውን ከግድግዳው አስጠጋች፣ ጠረጴዛውን ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ አዞረችው። ወዲያው ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደችና እየቆራረጠች፣ በክር እየሰፋች የጥፍር ያህል ደብተሮች ትሠራ ጀመር። «አማርኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ» እያለች ሳጥኑ ውስጥ ከተተቻቸው። ለልብስ ብዬ የሠራሁትን እሷ የደብተር ማስቀመጫ አደረገችው። ደስ አለኝ፤ ከዚያ በፊት በሠራሁት ዕቃ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የእህቴ ባል ከእርሻ ሲገባ ሳጥኑን አነሳው። ክዳኑን ገልበጥ አደረገ፣ አበባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። አንተ እንዲህ ታስብልኛለህ ብዬ አልጠበቅኩም» አለኝ። እኔ ቂሉ ልቤ ተነካ! መንገድ ላይ «ለካ ይህ ሰው ልጁን እንዲህ ይወዳታል» እያልኩ ሄድኩ። እህቴ ግን ያን ቀን እንደ ወትሮው አልሸኘችኝም፤ ከጓዳ ሳትወጣ ነው «ደህና ግባ» ያለችኝ። ልብ አላልኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ የእህቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ አዛውንት ሱቄ መጡ። ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ መምህር ናቸው፤ ልጆቹ የሚጽፉበትን ሎህ የሚባለውን ጣውላ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ገና ከደጃፉ ላይ ሆነው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አሰላሙ አለይኩም! እንኳን ደስ ያለህ፣ ኸይር ሰማን!»

«ምን ሰሙ?» አልኳቸው።

«የትንሿን ነዋ! ሳጥኗን ሰጠህ አይደል? አባቷ ደስታውን መያዝ አቅቶታል፤ በየቤቱ እየዞረ ሲናገር ነው የሰነበተው። እሁድ የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። እኔንም በጉርብትና ተቀመጡልኝ ብሎኛል።» በእጃቸው ወገባቸው ላይ የልጅቷን ቁመት ለኩ። «ወላሂ እኔስ ገርሞኝ ነበር። ልጅቱ ገና ይህችን ታህላለች። ግን አጎቷ ሳጥን ከሰጠ እኔ ምን አገባኝ አልኩ።»

መላጊያው ከእጄ ወደቀ። ሽማግሌው ነገሩን ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ «ያረቢ!» ብለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ወንዱ ማን እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቱ ቄስ የሆኑ፣ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት የሆነው ዲያቆን ነው። ሊቀስስ ነው፤ ዲያቆን ደግሞ ሳያገባ አይቀስስም። አባቱ ለልጃቸው ያልተነካች ልጅ ሲፈልጉ ከረሙና የእህቴን ልጅ አገኙ። የእህቴ ባል ለቄስ ቤት ልጁን በመስጠቱ ሰማይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሰጋው፤ እኔ። ከደጎሎ ከተመለስኩ በኋላ እህቴ ቤት ሄጄ «ከእንግዲህ ሳጥን የሚባል ነገር ከእኔ እንዳትጠብቁ» ብዬ ፎክሬ ነበርና ሳጥን እምቢ ይለኛል ብሎ ፈርቷል። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ አበባ ፈልፍዬ፣ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ አደረስኩለት።

እህቴ ዘንድ ደወልኩ። ድምፄን ሳሰማ መንገድ ዳር ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። «አንቺ እናት አይደለሽም? አፍ የለሽም?» አልኳት። እህቴ ስትመልስልኝ አልጮኸችም።

«የእኔ ተስፋ አንተ ነበርክ። ወንድሜ እምቢ ይላል፣ ወንድሜ ሳጥን አይሰጥም እያልኩ ነበር የምጽናናው። አበባውን ሳየው ነው ተስፋ የቆረጥኩት።»

ይህን ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ምን ስሠራ እንደዋልኩ አላስታውስም። አንዴ ወደ ወረዳ ሄጄ ልከስ እላለሁ፤ ወዲያው ለትልቋ ጊዜ በወረቀት ላይ አሥራ ስምንት ዓመት እንዴት በአንድ ቀን እንደሞላት ትዝ ይለኛል። በየቢሮው ደጅ ስጠና ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ወደ እህቴ ቤት ወጣሁ።

ስደርስ ተቀምጠዋል። የዲያቆኑ አባት ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ሁለት ሽማግሌዎች በግራ በቀኛቸው፣ የቁርአኑ መምህር ከበሩ አጠገብ። የእህቴ ባል ተነስቶ ሊስመኝ መጣ፤ ፊቴን አዞርኩበት። የዲያቆኑ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረስኳቸውም።

«አልሰጠሁም» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌ ቃሉን ሳይጨርስ ማቋረጥ በእኛ አገር ነውር ነው፤ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

«እንዴት አልሰጠሁም ትላለህ?» አለ የእህቴ ባል። «በእጅህ አምጥተህ! እኔ ለመንኩህ? ጠየቅኩህ?»

«መጫወቻ ነው! ለአሻንጉሊት የተሠራ መጫወቻ ነው!»

«አበባውስ?» አሉ የዲያቆኑ አባት፣ ረጋ ብለው።

እጄ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ በሌላ ሰው አፍ ብሰማው አላምነውም። የእህቴ ባል ከልቡ ተሳስቶ እንደሆነ፣ ወይስ አውቆ ስህተቴን ጥቅም ላይ አውሎት እንደሆነ ዛሬም ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ጊዜ ዓይኑን ስመለከት ግራ የተጋባ ሰው ዓይን ነበር። ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

«አሥራ አንድ ዓመቷ ነው!» አልኩ። «አሥራ አንድ! ይህ በሕግ ያስጠይቃል፤ ነገ ጠዋት ወረዳው ደጃፍ ላይ ነኝ!»

«አብሽር፣ አብሽር፣ ተረጋጋ» አለኝ አንደኛው ሽማግሌ። «ማን ሠርግ አለ? ዛሬ ቃል ብቻ ነው። ልጅ ናት፣ ትደርሳለች።»

«እህቷም ትደርሳለች ተብላ ነው! ሂዱና እዩዋት፣ ደጎሎ ናት! ጥርሷን ቁጠሩላት!»

«ነሲቧ ነው፣ ዕድሏ ነው» አለ የእህቴ ባል፣ አንገቱን ደፍቶ። ጓዳ ውስጥ እህቴ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል።

የቁርአኑ መምህር ከበሩ አጠገብ እጃቸውን አነሱ። «ኧረ ለመሆኑ» አሉ «ልጅቱ ራሷ ምን ትላለች? በእኛም በእናንተም እሷን መጠየቅ ሐቅ ነው።»

«ልጅ ምን ታውቃለች!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ልጅ ተጠይቃ ምን ልትል ነው? እኔን ጠይቁኝ!»

«እሱስ እውነቱን ነው፤ ልጅ ምን ታውቃለች» አለ የእህቴ ባል። በዚያን ቀን የተስማማነው በዚህች ብቻ ነው።

የዲያቆኑ አባት መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሳጥኑ እዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አልሰጠሁም ማለት አይቻልም። ይምጣና እንየው።»

ይህን ሲሉ አንድ ነገር ወደ አእምሮዬ መጣ። በእኛ አገር ሳጥን በደህና መድረስ አለበት። ልጅ ሆኜ አንድ ሠርገኛ ወንዝ ሲሻገር ሳጥኑ ከበቅሎ ወድቆ ተሰንጥቆ፣ የሙሽራው ወገን እዚያው ከወንዙ ዳር ሙሽራዋን መልሶ መሄዱን አስታውሳለሁ። ያቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ሽማግሌ አልመጣላትም። ሳጥኗ የተሰበረባትን ሴት ቤቱ የሚያስገባ የለም፤ የቄስ ቤት ደግሞ ሟርት ይፈራል፣ ከማንም በላይ ይፈራል። በሕግ ያቃተኝን በሟርት እችለዋለሁ አልኩ።

እህቴ ልጅቷን ጠራቻት። ከጎተራው ጥላ ሥር ስትጫወት ነበርና እጇ ላይ አፈር አለ። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ስታይ እናቷን አየት አደረገች፤ እንግዳ መስለዋታል። ለምን እንደመጡ የነገራት አልነበረም።

«ሳጥንሽን አምጪልኝ» አልኳት።

ፊቷ በራ። ሮጣ ሄዳ ይዛው መጣች። «አጎቴ፣ ማጠፊያው ላልቷል! ሊያስተካክሉልኝ ነው?» አለችኝ። እጄን ዘረጋሁላት። እሷ ግን ቁጭ ብላ ክዳኑን ከፈተችና ትናንሾቹን ደብተሮች አንድ በአንድ እያወጣች ቀሚሷ ላይ አስቀመጠች፣ እንዳይበላሹባት። አንዷ ወለሉ ላይ ወድቃ ከዲያቆኑ አባት ጫማ አጠገብ አረፈች፤ ጎንበስ ብላ አነሳቻትና አፈሩን አራገፈች። ባዶ መሆኑን አይታ ሳጥኑን በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠችኝ።

በሩ ጥግ የእንጨት መፍለጫ መጥረቢያ ነበር። ሳጥኑን ደፉ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩትና በመጥረቢያው ጀርባ መታሁት። አልተሰበረም። ዋንዛ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ኮላውንም ራሴ ነኝ የቀባሁት፣ ሰስቼ አልቀባሁም። ሁለተኛ መታሁት። በሦስተኛው ክዳኑ ከመሀል አበባው ላይ ተሰነጠቀና ጎኖቹ ተበታተኑ። ልጅቷ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ጩኸትም ለቅሶም አልነበረም።

የዲያቆኑ አባት አማተቡ። ተነስተው፣ ስባሪውን እንዳይረግጡ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። የቁርአኑ መምህር ሲያልፉ ትከሻዬን በእጃቸው ነካ አደረጉኝ። የእህቴ ባል ግን ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ልጄን አዋረድካት» አለ። «አሁን ማን ይወስዳታል? እስኪ ንገረኝ፣ ማን? ከዛሬ ጀምሮ አንተ የእኔ ዘመድ አይደለህም።» ለእሱም የምመልስለት ነበረኝ፤ ሁሉንም መለስኩለት። እዚህ ላይ የማይጻፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ለቅሶ ቤት ብንገናኝ እሱ በግራ እኔ በቀኝ እንቀመጣለን። ለልጅቷ ሽማግሌ የላከ የለም፤ ወሬው ከእኛ ወረዳ አልፎ ሄዷል። ልጅቷ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት። እኔም ዕድሜ ሳልጠይቅ የሙሽራ ሳጥን መሥራት ትቻለሁ። ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሰዉም ሌላ አናጢ ጋ ይሄዳል፤ ሌላው አናጢም ይሠራለታል። አሸነፍኩ እንዳልል የሚያደርገኝ አንዱ ይህ ነው።

ሌላው የዚያኑ ቀን የሆነው ነው። ቤቱን ለቅቄ ስወጣ ማንም አልሸኘኝም። ቁልቁለቱን ጨርሼ ወንዙ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ልጅቷ ናት። ስባሪውን በቀሚሷ ሰብስባ ይዛለች። እንድጠግንላት የመጣች መሰለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳት፤ አባቷ ለማን ሊሰጣት እንደነበር፣ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ሳጥኑ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንደሰበርኩት። ስለ አባቷ ስናገር ድምፄ ከፍ አለ፣ ስለ ሽማግሌዎቹም፣ ስለ ቄሱም። አንድም ሰው አላስቀረሁም። እሷ እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ከዚያ የያዘችውን እንጨት ሁሉ እግሬ ሥር ዘረገፈችው።

«እርስዎ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ» አለችኝ «እኔው ራሴ እሰብረው ነበር።»